«ዛሬ ትሂድ ወይስ ትቅር?» ልጇን ማቆያ ለምታውል እናት የሕፃናት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው፦ «ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሯ ነው። ሥራ ስለጀመርኩ ማቆያ ካስገባኋት 4 ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ ንፍጧ ደርቆ አያውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሰውነቷ ሞቅ አለኝ። ጥርስ እያወጣች ስለሆነ ነው ብዬ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፓራሲታሞል ሰጥቻት ወሰድኳት። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ደውለው ‹ነይና ውሰጃት› አሉኝ። ሞግዚቷ ‹እያወቅሽ ነው ያመጣሻት› ስትለኝ አለቀስኩ። የዓመት ፈቃዴን በእሷ ሕመም ጨርሼዋለሁ። በየጉንፋኑ ባስቀራት ሥራዬን አጣለሁ፤ ብወስዳት ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ። እባክዎ ዶክተር፣ መቼ ነው መቅረት ያለባት?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ንፍጡ ላሳርፍሽ። ልጅ በንፍጥ ብቻ ከማቆያ አይቀርም። ንፍጡ እንደ ውኃ ቢቀጥንም፣ ቢወፍርም፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቢሆንም መልሱ አንድ ነው። ብዙ ወላጅ አረንጓዴ ንፍጥ ሲያይ «ወደ ባክቴሪያ ተለወጠባት» ብሎ አንቲባዮቲክ ፍለጋ ይሮጣል። ያን ቀለም የሚያመጡት ግን ጉንፋኑን ለመዋጋት አፍንጫ ውስጥ የተሰበሰቡ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ተራ ጉንፋን በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ገደማ እንዲህ ይወፍርና ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። ንፍጧ ወፍሮም ልጅቷ እየሮጠች ከሆነ አፍንጫዋን ጠርገሽ ውሰጃት።

«ደርቆ አያውቅም» ያልሽውም አላስደነገጠኝም። በዚህ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ይይዘዋል። ማቆያ የሚውል ልጅ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ጉንፋን የሚያስይዙት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው። ልጅሽ እስካሁን ቤት ስለነበረች ከአብዛኞቹ ጋር አልተገናኘችም። አሁን አንድ መጫወቻ ከብዙ ልጆች ጋር እየተቀባበለች አፏ ውስጥ ትከታለች። አንዱ ጉንፋን እስከ 10 ቀን ይቆያል፤ ሳሉ እስከ 3 ሳምንት ሊጎተት ይችላል። የመጀመሪያው ሳይለቃት ሁለተኛው ይደረብባታል። ለአንቺ አንድ ረጅም ሕመም ይመስልሻል እንጂ ተከታትለው የመጡ አጫጭር ጉንፋኖች ናቸው። በየመሃሉ ደህና የምትሆንባቸው ቀናት ካሉ፣ ክብደቷ እየጨመረ ከሆነና ትኩሳቱ በየጊዜው የሚመላለስባት ካልሆነ አትጨነቂ። ቀድመው ማቆያ የገቡ ልጆች በኋላ ትምህርት ቤት ሲጀምሩ ቤት ካደጉት ያነሰ ጉንፋን እንደሚይዛቸው በጥናት ታይቷል። አሁን የምትከፍይው በኋላ ይቀነስልሻል።

ሒሳቡንም አስቢው። 8 ጉንፋን፣ እያንዳንዱ 10 ቀን፣ በዓመት 80 ቀን ነው። ንፍጥ ያለበት ልጅ ሁሉ ይቅር ከተባለ ሥራ ይዛ የምትቆይ እናት አትኖርም። የሚገኘው ጥቅምም ትንሽ ነው። የጉንፋን ቫይረስ ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ገደማ ቀድሞ መተላለፍ ይጀምራል። በብዛት የሚተላለፈውም በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ነው። ዛሬ ንፍጥ አይተሽ ብታስቀሪያት፣ ትናንት አብረዋት የዋሉት ልጆች ቫይረሱን ወስደውታል። የእነሱንም እሷ ወስዳለች።

ታዲያ በምን ትወስኚ? ጠዋት ላይ ራስሽን 3 ነገር ጠይቂ። ልጄ ዛሬ እንደ ወትሮዋ መዋል ትችላለች? ሞግዚቷ እሷን ለመንከባከብ ስትል ሌሎቹን ልጆች ችላ ለማለት ትገደዳለች? ያለባት ሕመም በቀላሉ የሚተላለፍና ሌሎቹን የሚጎዳ ነው? ለአንዱ ጥያቄ እንኳ መልስሽ ልጅቷ ቤት መሆን እንዳለባት ከነገረሽ ትቅር። እኔ የማስበልጠው የመጀመሪያውን ነው። ወላጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ሙቀቱ ቁጥር፣ ስለ ንፍጡ ቀለም፣ ስለ ሳሉ ድምፅ ነው። እኔ ክፍሌ ሲገቡ ቀድሜ የማየው የልጁን ሁኔታ ነው። ዙሪያውን ያያል? የእናቱን ቦርሳ ይጎትታል? ወይስ ትከሻዋ ላይ ተለጥፎ ቀና ማለት አቅቶታል?

አንቺም ይህን ቤትሽ ውስጥ ማየት ትችያለሽ። እንዲያውም ከእኔ በተሻለ፣ ደህና ስትሆን ምን እንደምትመስል የምታውቂው አንቺ ነሽና። ከእንቅልፏ ስትነሳ አትቸኩዪ። የምትጠጣውን ስጫት፤ ትወስዳለች ወይስ ፊቷን ታዞራለች? ወለል ላይ አስቀምጪያትና የምትወደውን መጫወቻ አቅርቢላት። 15 ደቂቃ ጠብቂ። ከተጫወተች ጥሩ ነው። «እቀፊኝ» ብቻ ካለች፣ ከእቅፍሽ ስታወርጃት ካለቀሰች፣ ወይም ገና ተነስታ መልሳ መተኛት ከፈለገች ማቆያ መዋል አትችልም። እዚያ አንዲት ሞግዚት ብዙ ልጆች ትይዛለች፤ ቀኑን ሙሉ አቅፋት ልትውል አትችልም። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ 37 ቢልም ልጅቷ ከጠወለገች ትቅር።

አሁን ወደ ማክሰኞው ልምጣ። እህቴ፣ ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኔም ወላጅ ነኝ፤ ጠዋት ቴርሞሜትሩን ማየት ያልፈለግኩበት ቀን ነበረኝ። ግን ፓራሲታሞሉ የማትሄድን ልጅ የምትሄድ አስመሰላት። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ለ4፣ ቢበዛ ለ6 ሰዓት ይጫነዋል እንጂ ሕመሙን አያድነውም። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሰጥተሻት 5 ሰዓት ተኩል ላይ መደወላቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም። 4 ሰዓቱ አልቆ ትኩሳቱ ተመለሰ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ልጅቷ ከአንቺ ርቃ መባሷ ነው። ሞግዚቷም መድኃኒት መውሰዷን ስላላወቀች ሌላ ልትጨምርባት ትችል ነበር። ፓራሲታሞል የሚሰጠው በክብደት ተለክቶ ነው፤ በአንድ ጊዜ ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በ24 ሰዓት ደግሞ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ሁለት ሰው ሳይነጋገር ሲሰጥ ከልክ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። መድኃኒቱን ስትሰጫት ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፊ።

ስለዚህ ጠዋት ሰውነቷ ሞቅ ካለሽ መጀመሪያ ለኪ፣ ከዚያ ስጪ። በእጅ መዳበስ አይበቃም። በብብት ተለክቶ ከ37.5 ዲግሪ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው በዪ። በፊንጢጣ ከተለካ መነሻው 38 ዲግሪ ነው። ትኩሳት ያላት ልጅ በዚያ ቀን ትቅር። የምትመለሰው ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ሙሉ ትኩሳት ሳይኖራት ስትቆይ ነው። «ያለ መድኃኒት» የሚለውን አደራ እላለሁ። ማታ በሲሮፕ የወረደ ትኩሳት አይቆጠርም። አንዳንድ መመሪያ ትኩሳት ኖሯትም በደንብ የምትጫወት ልጅ ልትውል ትችላለች ይላል። በሐኪም ዓይን ስሕተት አይደለም፤ ትኩሳት በራሱ በሽታ አይደለምና። ግን ጠዋት 38 የሆነ ልጅ ከሰዓት ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ስለዚህ እኔ ትቅር ባይ ነኝ።

«ጥርስ ነው» የሚለውንም ተዪው። ጥርስ የምታወጣ ልጅ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ያገኘችውን ትነክሳለች፣ ትነጫነጫለች፣ ድዷ ያብጣል። ሙቀቷም በጣም በትንሹ ከፍ ሊል ይችላል። 38 ዲግሪ የሚያደርስ ትኩሳት ግን ከጥርስ አይመጣም። ተቅማጥም ከጥርስ አይመጣም። ጥርስ የሚወጣበት ዕድሜና ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከትበት ዕድሜ አንድ ስለሆነ ነው የተያያዙት። ይህ እምነት ብዙ ልጅ ሲጎዳ አይቻለሁ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች ያለበት ልጅ «ጥርስ ነው» ተብሎ 4 እና 5 ቀን ቤት ይቆያል።

ተቅማጥና ትውከት ላይ ግን ጨክኚ። እዚህ ላይ አልደራደርም። በ24 ሰዓት ውስጥ 2 ጊዜና ከዚያ በላይ ያስመለሰች ልጅ አትሄድም። ሰገራዋ ከወትሮው በ2 ጊዜ የጨመረ፣ ከዳይፐር እየወጣ የሚፈስ፣ ወይም ደም የታየበት ልጅም አትሄድም። የሆድ ቫይረሶች ከጉንፋን የባሱ ተላላፊ ናቸው። ኖሮቫይረስ የሚባለውን ብናይ በጣም ጥቂት ቅንጣት ይበቃዋል። አንድ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ካስመለሰ በ2 ቀን ግማሹ ክፍል፣ ሞግዚቶቹን ጨምሮ፣ ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ መጨረሻ ካስመለሰች ወይም ካስቀመጣት በኋላ 48 ሰዓት ቆጥረሽ መልሻት። ብዙ ማቆያ 24 ሰዓት ይላል፤ የምትችዪ ከሆነ 48 አድርጊው። ዳይፐር ከቀየርሽ በኋላ እጅሽን በሳሙናና በውኃ ታጠቢ። የእጅ ማጽጃው አልኮል ኖሮቫይረስን በደንብ አይገድለውም። ቤት ስትቆይ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦአርኤስ የምንለውን፣ በዚህ ዕድሜዋ ከ50 እስከ 100 ሚሊሊትር በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጫት። ዚንክ ከታዘዘላት ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10ኛው ወይም 14ኛው ቀን አታቋርጪ።

ሽፍታ ሲወጣባት ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ብቻውን የወጣ፣ ትኩሳት የሌለበትና የማያስጨንቃት ሽፍታ አያስቀርም። በ1 እና 2 ዓመት ልጆች ላይ በብዛት የምናየው አንድ ነገር አለ፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ከባድ ትኩሳት ይኖርና ትኩሳቱ ሲለቅ ሰውነታቸው ቀላ ያለ ሽፍታ ያወጣል። እናቶች የሚደነግጡት ሽፍታው ሲወጣ ነው፤ በሽታው ግን የዚያን ጊዜ እያለቀ ነው። እጅ፣ እግርና አፍ ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣው ሕመምም አለ። አፏ ውስጥ ያለው ቁስል መብላትና መጠጣት ካልከለከላትና ትኩሳት ከሌላት መሄድ ትችላለች። ቫይረሱ በሰገራ ለሳምንታት ስለሚወጣ ሽፍታው እስኪጠፋ ማስቀረቱ ጥቅም የለውም።

ጉድፍ ግን ሌላ ነው። የመጨረሻው እብጠት ደርቆ ቅርፊት እስኪያበጅ ድረስ ቤት ትቆያለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሽፍታው ከጀመረ ከ5 እስከ 7 ቀን ይወስዳል። ኩፍኝ ከሁሉም የባሰ ተላላፊ ነው። ሽፍታው ከወጣ በኋላ 4 ቀን መቅረት ግድ ነው። ኩፍኝ ከጠረጠርሽ ጤና ተቋም ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ንገሪያቸው፤ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ያልተከተበ ጨቅላ ሊኖር ይችላል። ጆሮ ደግፍ እብጠቱ ከጀመረ 5 ቀን ነው። ትክትክ በአንቲባዮቲክ 5 ቀን ከታከመ በኋላ ይመለሳል። ካልታከመ 3 ሳምንት ነው፤ ትክትክ ለጨቅላ ሕፃን ገዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። በባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም አንቲባዮቲክ በተጀመረ በ24 ሰዓት ልጁ ከተሻለው ይመለሳል። የማር ቀለም ያለው ቅርፊት የሚያበጅ የቆዳ ቁስልም ሕክምና ከተጀመረ ከ24 ሰዓት በኋላ ተሸፍኖ ይሄዳል። እከክ የመጀመሪያው ቅባት ከተቀባ በማግስቱ መመለስ ይችላል። ቅማል ማንንም አያስቀርም፤ ማታ ሕክምናውን ጀምሪና ጠዋት ትሂድ። የጆሮ ሕመም ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። የሚያስቀራት ሕመሙና ትኩሳቱ ብቻ ነው።

ዓይኗ ሲቀላና ዓይናር ሲይዝ ማቆያዎች ወዲያው ይመልሳሉ። በእኔ እምነት ይህ የበዛ ጥንቃቄ ነው። አብዛኛው ከጉንፋኑ ጋር የመጣ ነው፤ ከጉንፋኑ ጋርም ይሄዳል። ትኩሳት ከሌላት፣ ዓይኗን ካላመማትና ብርሃን ካላስቸገራት ዓይኗን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ እየጠረግሽ ልትሄድ ትችላለች። ማቆያው «ጠብታ ካልጀመረች አትገባም» ካለሽ አትጣዪ፤ አሳይቻትና ከሐኪም ወረቀት ያዢ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ማቆያ ነው። አሁን የምነግርሽ ግን ሐኪም ዘንድ ስለሚያስሮጥ ነገር ነው። መጠጣት ወይም መጥባት ካቃታት፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ካንቀጠቀጣት፣ ወይም ስትቀሰቅሻት ካልነቃችልሽ በዚያው ሰዓት ውሰጃት። ተረጋግታ ሳለ ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፤ በዕድሜዋ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ወደ ውስጥ ከገባ አትጠብቂ። 8 ሰዓት ያህል ሽንት ካላወጣች፣ ስታለቅስ እንባ ከሌላት ወይም ዓይኗ ከጎደጎደ ውኃ አልቆባታል። ስትጫኚው የማይጠፋ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ከትኩሳት ጋር ከወጣም እንዲሁ። ትኩሳት ብቻ ሆኖ 3 ቀን ካለፈው ትታይ። ወባ ያለበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ወይም በቅርቡ ሄዳችሁ ከነበረ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ በመጀመሪያው ቀን ደሟ ይመርመር። ይህን የምታነቡ የጨቅላ እናቶች ደግሞ፣ ልጃችሁ 3 ወር ያልሞላው ከሆነና ሙቀቱ 38 ከደረሰ ስለ ማቆያ አታስቡ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ሂዱ።

ስለ ሥራሽ የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል። ይህን ሐኪም በሲሮፕ አይፈታውም። ግን የልጅ ሕመም የእናት ፈቃድ ብቻ የሚያልቅበት ምክንያት አይታየኝም። አባቷ ካለ ቀኑን ተካፈሉት። አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት «ድንገት ብደውልልሽ ግማሽ ቀን ትይዥልኛለሽ?» ብለሽ ልጅቷ ደህና ሳለች ጠይቂ። ልጅ አሟት ከለቅሶ ጋር በጠዋት የሚደረግ ልመና ሰውንም ያስጨንቃል። ክትባቶቿን አሟዪ፤ ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣው የሮታቫይረስና የኩፍኝ ክትባት ብቻ እንኳ ብዙ የመቅረት ቀን ያድኑሻል። የማቆያውንም ደንብ በጽሑፍ ጠይቂ። ትኩሳት ስንት ሲሆን እንደሚደውሉ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚቀበሉ አስቀድመሽ ካወቅሽ ጠዋት ላይ ግምት አይኖርም። ደንባቸው በንፍጥ ብቻ የሚመልስ ከሆነ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ ተነጋገሯቸው።

ሞግዚቷን በተመለከተ፣ አነጋገሯ አስከፍቶሻል። ግን እሷ ያየችው በእጇ ላይ እየጋለች ያለች ልጅ ነው። ምን እንደወሰደች ደግሞ የነገራት የለም። ሄደሽ «ማክሰኞ መድኃኒት ሰጥቻት ነበር፤ አለመንገሬ ጥፋቴ ነው» በያት። ከዚያ በኋላ ስለ ልጅሽ የምትነግሪያትን ታምንሻለች፤ በንፍጥ ብቻም አትደውልልሽም። ነገ ጠዋት ልጅሽን ስታደርሻት እንዲህ ብለሽ ስጫት፦ «ሌሊት 2 ጊዜ ሳለች፣ ለክቻታለሁ ትኩሳት የላትም፣ ምንም መድኃኒት አልወሰደችም፣ ቁርሷን በልታለች። ከጠወለገችባችሁ በዚህ ስልክ ደውሉልኝ፤ ካላነሳሁ ለአባቷ ደውሉ።»